አሥራ ሰባት ሚሊሜትር

ኤርሜስ ጋቪዮሊና የሚስቱ ወንድም ዶራንዶ ከተኳረፉ ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ኩርፊያ ስላችሁ በሁለተኛው ቀን የሚረሳ የልጆች ኩርፊያ እንዳይመስላችሁ። ከሞደና ወጣ ብላ ባለችው ትንሽ ከተማ፣ በአንድ አደባባይ ዙሪያ ይኖራሉ፤ ጠዋት ጠዋት አንድ ቡና ቤት ገብተው ጀርባ ተሰጣጥተው ይቀመጣሉ፤ እሑድ እሑድ የኤርሜስ ሚስት ኦንዲና የጠቀለለችውን ቶርቴሊኒ፣ ሥጋ የታጨቀበትን የሊጥ ጥቅል፣ ከአንድ ድስት ይቋደሳሉ። ቃል ግን አይለዋወጡም። ኤርሜስ ጨው ሲያምረው፣ «ኦንዲና፣ ወንድምሽን ጨዉን አቀብል በይው» ይላል። ዶራንዶም ጨዉን ወደ እህቱ እየገፋ፣ «ኦንዲና፣ ባልሽን ምግብሽ ጨው አላነሰውም በይው» ይላል።

«እኔ ሚስትህ ነኝ ወይስ ፖስታ ቤትህ?» ትለዋለች ኦንዲና ባሏን። «ፖስታ ቤት እንኳ እሑድ እሑድ ይዘጋል!»

ሁለቱም ቀጥቃጮች ነበሩ። ስስ አሉሚኒየም አሸዋ በተሞላ የቆዳ ከረጢት ላይ አስተኝተው፣ በእንጨት መዶሻ እየመቱ የእሽቅድምድም መኪና ገላ ያወጡ ነበር። ንድፍ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ዓይንና መዳፍ ነው። አንዱ የግራውን ጎን ሲቀጠቅጥ ሌላው የቀኙን ይቀጠቅጣል፤ በየመሐሉ ቆም እያሉ «አንተጋ ስንት ደረሰ?» «ይህን ያህል!» እየተባባሉ ልኩን በጩኸት ይጠራራሉ። የመኪናዋ ሁለት ጎን እኩል የሚወጣው በዚህ መጠራራት ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

በ1953 የጸደይ ወራት ለኤልቪዮ ታርሲ አንዲት ቀይ ክፍት መኪና እንዲሠሩ ታዘዙ። ኤልቪዮ ታርሲን የማያውቅ ካለ የዚያን ዘመን ሰው ይጠይቅ። በዝናብ፣ በተራራ መንገድ ላይ፣ አንድ እጁን ከመሪው አንሥቶ ሲጋራ የሚለኩስ ጉደኛ ነበር። እጮኛው ደግሞ የፊልም ተዋናይቷ ሚርታ ቬላኒ ነበረች፤ ሥዕሏ አንድ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ የከተማው ባሎች ሁሉ በዚያ በኩል ጉዳይ የሚበዛባቸው።

ሥራው በተጀመረ በሳምንቱ ሁለቱ አማቾች በካርታ ተጣሉ። አንድ ወገን ሆነው እየተጫወቱ ኤርሜስ አሱን ያለ ጊዜው ጣለና ተሸነፉ። ዶራንዶ በሰው ፊት «አንተ አህያ!» አለው። «ይህን ቃል መልሰህ ካልዋጥህ አላናግርህም» አለ ኤርሜስ። «አልውጥም!» አለ ዶራንዶ። በነጋታው ኤርሜስ መኪናዋ መሐል ላይ ሸራ ጋረደ። ሦስት ሳምንት አንዱ ከሸራው ወዲህ፣ አንዱ ከሸራው ወዲያ ሲቀጠቅጡ ከረሙ፤ «ስንት ደረሰ?» ያለ አንድም ሰው የለም። ሸራው ሲነሣ መኪናዋ ለዓይን ሸጋ ሆና ቆማለች፤ ታርሲም በዚያው ወር በታላቁ የአገር አቋራጭ ውድድር አንደኛ ወጣባት።

የድሉ ቀን ሚርታ ቬላኒ ነጭ ጓንቷን እያወለቀች «ይህችን ቆንጆ የሠራት ማነው?» ብላ ጠየቀች። ኤርሜስ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣ። «እኔ ነኝ፣ ሲኞራ» አለ። ከአማቼ ጋር ብሎ ቢጨምር ምን ነበረበት? አልጨመረም። ጉንጩን ሳመችው፤ የፎቶ አንሺዎቹ መብራት ቦግ ቦግ አለ። ዶራንዶ ያን ሰዓት ከመኪናዋ ማዶ ተንበርክኮ ጎማ ይፈትሽ ነበር፤ ቀና ሲል መሳሙን አየ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በማግሥቱ ፎቶው በጋዜጣ ወጣ፤ በሳምንቱ ቡና ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ከዚያ በኋላ ማን ተመልሶ «ለካ ሁለት ነበርን» ይላል? ውሸቱም እያደር ወፈረ። አምና አንድ የአሮጌ መኪኖች መጽሔት ጋዜጠኛ ሲመጣ ኤርሜስ ደረቱን ነፍቶ «ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ብቻዬን ነኝ የቀጠቀጥኳት» ብሎ እርፍ። ዶራንዶ ጀርባውን ሰጥቶ ጽዋውን ጨለጠ።

ዘንድሮ በግንቦት የአሮጌ መኪኖች ጉዞ ከዚችው ከተማ አደባባይ እንዲነሣ ተወሰነ። ከዚያማ ሚርታ ቬላኒ ራሷ ቀይዋን መኪና እየነዳች ከተፍ አትልም! ታርሲ በእሽቅድምድም ሳይሆን በእርጅና፣ አልጋው ላይ ነው የሞተው፤ መኪናዋን ለእሷ ትቶላት። ሚርታ ስድሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ሻሿን አገጯ ሥር አስራ፣ ጥቁር መነጽሯን ሰክታ ስትወርድ ግን ሥጋ ሻጩ ቢላውን እንደያዘ ሮጦ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ።

«ሲኞር ኤርሜስ!» አለች ገና ስታየው። «ይህን ጉዞ በእርስዎ ደጅ መጀመር አለብኝ ብዬ ነው የመጣሁት። ዓይኔ ደክሟል፤ በሐምሌ መንጃ ፈቃዴን ይወስዱብኛል። ዛሬ ኤልቪዮን የምሰናበትበት ቀን ነው።»

ኤርሜስ ደስታው ልቡን ሊያፈነዳው ደረሰ። ደስታው ዕድሜ ያላገኘው በኢንጂነር ብሬንታ ምክንያት ነው። ብሬንታ የአሮጌ መኪኖች ማኅበር ከሚላኖ የላከው መርማሪ ነው፤ እውነተኛዋን መኪና ከቅጂዋ ይለያል፤ የእሱ ፊርማ የሌላት መኪና ከአደባባዩ አትነሣም። ሜትሩን ዘርግቶ የግራውን ጎን ለካ፤ የቀኙን ለካ፤ ተመልሶ የግራውን ለካ። መነጽሩን ጠረገ።

«ሲኞራ፣ አዝናለሁ» አለ። «አሥራ ሰባት ሚሊሜትር ይበላለጣሉ። ሲኞር ጋቪዮሊ ብቻዬን ሠራኋት ብለው በመጽሔት ተናግረዋል። የአንድ ሰው እጅ ሲሳሳት በሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ይሳሳታል እንጂ እንዲህ አይራራቅም። ስለዚህ አንዱ ጎን የሌላ ሰው ሥራ ነው፤ በኋላ የተቀየረ ነው ማለት ነው። አልፈርምም።»

ከኋላ አንዱ «አስመስላ አሠርታ ነዋ!» ሲል ተሰማ። ሚርታ መነጽሯን አወለቀች። ያን ፊት ስንቱ ሰው በጨለማ አዳራሽ ተቀምጦ አፍጥጦበታል፤ አሁን የተከፋች አሮጊት ፊት ነበር። «እኔ አታላይ አይደለሁም» አለች ቀስ ብላ።

መኪናዋን የገደላት የገዛ አፉ መሆኑን ኤርሜስ ያውቃል። አንድ ቃል ቢናገር ትድናለች፤ ግን ሠላሳ አምስት ዓመት በዚያ ፎቶ ሥር ተቀምጦ የተጋበዘውን ወይን ሁሉ ምን ሊለው ነው? እዚህ የቆመው ሰው ሁሉ ነገ ምን ብሎ ሊጠራው ነው? ኦንዲናን ዞር ብሎ አያት። የሁለቱንም የሥራ ልብስ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት፤ ምን ይደበቃታል?

«እህስ?» አለችው ኦንዲና።

«ዋሽቼ ነው!» አለ ኤርሜስ፤ ድምፁ ከጠበቀው በላይ ጮኾ ወጣ። «ብቻዬን አልሠራኋትም። ግራው የእኔ ነው፤ ቀኙ የዶራንዶ ነው። ተኳርፈን ስለነበር ልክ አልተጠራራንም። አሥራ ሰባቱ ሚሊሜትር የኩርፊያችን ነው። ሲኞራ፣ ያኔ ከሰጡኝ መሳም ግማሹ የተሰረቀ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ደግሞ እውነቱን ልናገር ካልኩ አይቀር፣ የቀኙ አቀጣቀጥ ከግራው ይሻላል። ሁልጊዜም ይሻል ነበር።»

ኡኡታው ቀለጠ። የቡና ቤቱ ባለቤት «አንተ ጉደኛ! የስንት ዓመት ወይኔን መልስ!» አለ። ኤርሜስ እስከ ጆሮው ቀላ። ኢንጂነር ብሬንታ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ቃል ማስረጃ አይሆንም። መኪናዋን ለማዳን ማንም እንዲህ ሊል ይችላል።»

ሰው ሁሉ ወደ ዶራንዶ ዞረ። ዶራንዶ ከተቀመጠበት ተነሣ፤ ቆቡን አስተካከለ፤ ኢንጂነሩን ሳይሆን እህቱን አየ።

«ኦንዲና፣ ይህን የሚላኖ ሰው ኮቱን አውልቆ ከቀኙ የፊት ጎማ በላይ፣ ከውስጥ በኩል ይመልከት በይው። መብራት ይያዝ በይው።»

«ሰምቷል፣ ጆሮ አለው!» አለች ኦንዲና።

ብሬንታ ኮቱን አውልቆ፣ ጋዜጣ አንጥፎ፣ በጀርባው መኪናዋ ሥር ገባ። መጀመሪያ ጨርቅ ጠየቀ፤ ጭቃውን ሲጠርግ ቆየ። ከዚያ ያ የተከበረ ድምፁ ከመኪናዋ ሆድ ውስጥ ወጣ፤ የተጻፈ ነገር እንደ ቄስ ቃሉን እየረገጠ አነበበ።

«"ያኛውን ጎን የሠራው አህያ ነው። ዶራንዶ። ሚያዝያ 1953።" በብረት ጫፍ ተጭሮ የተጻፈ ነው።»

አደባባዩ በሳቅ ፈረሰ። ሚርታ ቬላኒ የመኪናዋን በር ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ኤልቪዮ 'ይህች መኪና ሁለት ሐሳብ አላት' ይል ነበር! እኔ ደግሞ ስለ እኔ የሚያወራ መስሎኝ ሳኮርፈው ኖርኩ!» አለች። ብሬንታ አቧራውን ሳያራግፍ ፈረመ። እሷም ዶራንዶን በእጇ ጠርታ ሁለቱንም ጉንጩን ሳመችው፤ ሰባ ዓመት የሞላው ሰውዬ የሚገባበት ጠፋው። ከዚያ ሞተሩን አስነሣች፤ ቀይዋ መኪና መስኮቶቹን ሁሉ እያንቀጠቀጠች በቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ታጠፈች።

ሕዝቡ ተከትሏት ሮጠ። ኤርሜስ የቆመበት ቀረ። ሲኞራዋ ሄዳለች፤ ስሙ ተበላሽቷል፤ ዶራንዶም ይኸው እንደ ልማዱ አላነጋገረውም። እውነት ለመናገር ከሁሉ ያመመው ይሄኛው ነበር። «ኦንዲና» አለ ተስፋ ቆርጦ፣ «ወንድምሽን ...»

«አልልም» አለች ኦንዲና። «ፖስታ ቤቱ ተዘግቷል። ቶርቴሊኒው ሊበስል ነው፤ ስትጨርሱ ኑ።» ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ቤት አቀናች።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ባዶ አደባባይ ላይ ብቻቸውን ቀሩ። ዶራንዶ መሬት መሬቱን እያየ ቀረበው።

«እስክትናገረው ነበር የምጠብቀው» አለ። «ራስህ እስክትናገረው። ሌላው ቢናገረው ለእኔ ምንም አይደለም።» ከዚያ ቀና ብሎ በቀጥታ አየው። «ቢሆንም የረዘመው ያንተ ጎን ነው።»

ኤርሜስ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አፉ ግን አላረፈም። «የእኔ? የእኔማ ልኩ ነው! ያንተ ነው ያጠረው!»

«አጠረ? አንተ ሜትር የት ታውቅና!»

«አንተ ነህ የምታስተምረኝ?»

«ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ልነግርህ ያሰብኩትን ሁሉ አሁን ልንገርህ?»

«ንገረኝ!» አለ ኤርሜስ፤ ክንዱን ያዘው። «ሁሉንም ንገረኝ።»

ዶራንዶም ከመኪናዋ የፊት መከላከያ ጠርዝ ጀመረ። ኦንዲና ሁለት ጊዜ በመስኮት ብትጣራም አልሰሟትም፤ ቶርቴሊኒው ቀዘቀዘ፣ እነሱ ገና የፊት መብራቱ ጋ ነበሩ።