ፋብሪካው ያላወጣው ሞሪስ

1.

«አይቻልም።»

አስካለ ይህን ቃል ከታናሽ ወንድሟ ከምንያህል ስትሰማ አባታቸው ከሞቱ ገና ዓመት አልሞላም ነበር። ምንያህል አባታቸው ለተዉላቸው መኪና፣ ለሞሪሷ፣ ገዢ አግኝቷል። ግቢ ውስጥ ቆማ ከምትዝግ ብትሸጥ ይሻላል ባይ ነው። አስካለ ግን እኔ እነዳታለሁ አለችው። ግራ እግሯን በሕፃንነቷ ልምሻ መትቶታል፤ ያለ ምርኩዝ አትራመድም። ማርሽ ሲቀየር የሚጫኑት ፍሪሲዮን ደግሞ የሚረገጠው በግራ እግር ነው።

«አይቻልም እትዬ። እግርሽን ረሳሽው እንዴ?»

«እሱ መቼ ያስረሳል» አለችው።

2. የሞሪስ ማይነር ታሪክ፣ ባጭሩ

አንባቢ ሆይ፣ መኪና ባትወድም ይህችን ቁራጭ አትዝለላት።

እንግሊዞች መጀመሪያ ሲሠሯት መብራቶቿ ዝቅ ብለው አፍንጫዋ ግራና ቀኝ ተወሽቀው ነበር። የፊት መስታወቷ ለሁለት የተከፈለ ነው። ልትታጠፍ ስትል ከጎኗ ትንሽ ክንድ ብቅ ትላለች።

ከዚያ መብራቶቹ ከፍ አሉ።

ከዚያ መስታወቱ አንድ ወጥ ሆነ።

ከዚያ ክንዷ ቀረችና ብልጭ ድርግም የሚል ፍሬቻ መጣ።

ከዚያ ፋብሪካው መሥራቱን ተወ።

3. ያው ታሪክ፣ አዲስ አበባ

የአስካለ አባት አቶ ወልደየስ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበሩ። ሞሪሷን የገዙት ወደ አገሩ ሊመለስ ከተነሣ እንግሊዛዊ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ናት፤ መሪዋ እንደ እንግሊዞቹ በቀኝ በኩል ነው፣ ማርሿ የሚያዘው በግራ እጅ ነው። እንግሊዞቹ አንድ ነገር ባሻሻሉ ቁጥር እሳቸውም ወደ አርመኑ መካኒክ፣ ወደ ሙሴ ሃጎፕ ጋራዥ ይነዷታል። መብራቶቿን ከፍ አስደረጉ። ክንዷን አስነቅለው ፍሬቻ አስገቡላት። መስታወቱ ብቻ እንደተከፈለ ቀረ፤ ሙሴ ሃጎፕ ለአንድ መስታወት ብዬ ጣሪያዋን አልቀድም ብሎ እምቢ አላቸው።

ስለዚህ የየትኛው ዓመት ሞዴል ናት ብትለኝ መልስ የለኝም።

4.

አስካለ በታክሲ ጋራዡ ድረስ ሄደች። ሙሴ ሃጎፕ የምትፈልገውን ሰምቶ ሲያበቃ እግሯን አላየም። እጁን ዘርግቶ ጨብጪኝ አላት። የዘመናት ምርኩዝ ያጠነከረው እጅ ነው፤ ሽማግሌው ፊቱን አኮማተረ። ቢሆንም አመነታ። እንዲህ ያለ ሞሪስ አይቼ አላውቅም፣ ቢበላሽ ማን ይጠየቃል አላት።

«ለአባቴ ስንቱን ነገር ቀይረውላቸዋል። ፋብሪካው አቆመ ተብሎ እኛም እንቁም?»

ሽማግሌው ከማርሹ ዱላ ጋር የሚጨበጥ ረዘም ያለ ብረት ገጠመላት፤ ብረቱ ሲጨበጥ ገመድ ይስባል፣ ገመዱ ፍሪሲዮኑን ይጫናል። የመጀመሪያው ገመድ ተበጠሰ። ሁለተኛው ከረረባት። ጃን ሜዳ ላይ ስትለማመድ መዳፏ ውኃ ቋጠረ፤ አንድ ቀን አጥር ውስጥ ገብታ ሰው ገፍቶ አወጣት። በማግስቱ ተመልሳ ሄደች።

5. የመንጃ ፈቃድ ፈተና

ፈታኙ፦ ይሄ ምንድን ነው?

አስካለ፦ ፍሪሲዮን።

ፈታኙ፦ ፍሪሲዮን እግር ሥር ነው።

አስካለ፦ የእርስዎ።

ፈታኙ ሌላ መኪና ይዘሽ ነይ አላት። አልወረደችም። ከኋላዋ የተሰለፉት ማጉረምረም ሲጀምሩ ሰውየው ሳይወድ በግዱ ገባና ወደ ቸርችል ጎዳና አስነዳት። ዳገቱ መሐል ላይ አቁሚ አለ፤ ቀጥሎ ወደ ኋላ ሳትንሸራተት እንድትነሣ አዘዛት።

ግራ እጇ ብረቱን ጨብጧል፤ የእጅ ፍሬኑን የሚለቅ የቀረው ቀኝ እጇ ነው።

ፈታኙ፦ መሪውን ያዢ እንጂ።

አስካለ፦ ቆመናል እኮ። የቆመ መኪና መሪ የት ይሄዳል?

ፍሬኑን ለቀቀች።

ተንሸራተተች።

ከኋላ ጭነት የያዘ መኪና ጥሩምባውን ነፋ። አስካለ ፍሬኑን መልሳ ያዘች። ፈታኙ በቃ፣ ልቀቂልኝ፣ እኔ ላውጣት አለ።

«ቢጥሉኝም ይጣሉኝ» አለችው። «ዳገቱን ግን እኔ ነኝ የምጨርሰው።»

ጨረሰችው። ጣላት።

6. ፈተና

በወሩ ተመለሰች። ያው ፈታኝ፣ ያው ዳገት። አሁንም መሪውን ለቀቀች፤ ሞሪሷ አንዴ ንቅንቅ አለችና ወደ ላይ ወጣች። ፒያሳ ደረሱ። ፈታኙ ሲወርድ ጎንበስ ብሎ ብረቱን በራሱ እጅ ሞከረው። አንድ ጊዜ ጨበጠው፣ ደገመው፣ ከዚያ ፈረመላት።

7.

ቤቷ ስትደርስ ገዢው ግቢው በር ላይ ከምንያህል ጋር ቆሞ ነበር። አስካለ በመስኮት አንገቷን አውጥታ መኪናዋ እንደማትሸጥ ነገረችው። ሰውየው ወደ ምንያህል ዞረ። ምንያህል ደግሞ እህቱን፣ መሪውን፣ ከማርሹ ጋር የታሰረውን ብረት እያፈራረቀ አየ።

«ሰምተሃታል» አለ በመጨረሻ ለሰውየው፤ በሩንም ወለል አድርጎ ከፈተላት።

እሑድ ጠዋት የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ ጋቢውን እንደደረበ ወጣ። ወዴት ነሽ አላት። በክፋት አልነበረም። አስካለ ዕድሜዋን ሙሉ የትም ስትሄድ የሚያደርሳት ሰው ወዴት፣ ለምን፣ ስንት ሰዓት ልምጣልሽ ይላት ነበር፤ እሷም ትመልስ ነበር። ዛሬ ፈገግ አለችለትና ብረቱን ጨበጠች።

ለእኔም ቢሆን አልነገረችኝም፤ የሚቀጥለው ቁጥር ጎዶሎ ቢሆን ለዚህ ነው። ከበሩ ወጥታ ታጠፈች፤

8.

ወደ