ከጉልበት የማያልፍ ውኃ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ በሉ፤ መደቡ ለሁላችንም ይበቃል። ነገሩ የቆየ ነው። ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፣ እናንተም ሳትቸኩሉ ስሙኝ።

«የክርስትና ስሙን ንገሪን፣ ልጄ» አሏት አባ ሀብተ ሚካኤል። ይህን ሲሏት ሦስተኛ ጊዜያቸው ነበር።

ሸጊቱ ከቤቷ ደጃፍ፣ ልክ መግቢያው ላይ፣ በርጩማ አድርጋ ተቀምጣለች። የባሏ የያርጋል መርዶ ከተነገራት ሦስት ቀን ሆኗታል፤ ከዚያች በርጩማ ለእንቅልፍ ካልሆነ ተነሥታ አታውቅም። ወደ ቤት የሚገባ ሁሉ ጎኗን ታክኮ፣ ጉልበቷን ተሻግሮ ነበር የሚያልፍ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ኅዳር። ሰፈራችን ከደባርቅ ወጣ ብሎ ነው። አዝመራ ላይ ስለነበርን ለቀስተኛው ፀጉሩ ላይ ጭድ እንደያዘ ይመጣ ነበር። ሬሳ የለም። ከምጽዋ የመጣው ደብዳቤ «ባሕር ላይ ጠፍቷል፣ እንደሞተ ይቆጠራል» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። ስለዚህ በዳሱ መካከል አልጋ ተዘርግቶ፣ ነጩ የባሕር ኃይል ልብሱ ተኝቶበታል።

«አባ፣» አለች በመጨረሻ «እሱ ከሚገባበት ውኃ እኔም ገብቻለሁ። ከጉልበት አያልፍም። ከጉልበት በማያልፍ ውኃ ሰው እንዴት ይሞታል? ስሙን ብሰጥዎ አንቱ ሙቷል ብለው ፍትሐት ያደርጋሉ። ነገ ከች ቢልስ?»

«ባይመጣስ፣ ልጄ? ከዚህም ከዚያም ሳይሆን መንገድ ላይ እንዳይቀር ነው የምፈራ።»

ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ነው። ያርጋል ክርስትና የተነሣው ራቅ ካለ አገር፣ አምቢኮ ነበር፤ እናቱም የነፍስ አባቱም ካለፉ ቆይተዋል። ስሙን የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች፤ አፏን ዘግታ ያዘችው።

እኔ ንፍሮ አድል ነበርና የሴቶቹን ሹክሹክታ ሰማሁ።

«ከድቶ ይሆናል» አለች ጎረቤቷ ስንቄ። «በጀልባ ተሻግሮ የመን ገብቶ።»

«ዝም በይ» አለቻት አሮጊቷ ታንጉት። «የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አጠገብሽ ነው።»

«ምን ይሰማል እሱ፤ ጆሮውም ንፍሮው ላይ ነው።»

ሸጊቱም ሰምታ ነበር። አልተቆጣችም። እንዲያውም አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ስንቄ እንድትደግምላት የፈለገች ትመስል ነበር።

ያርጋልን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ገና ወጣት መርከበኛ ሳለ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አስተማሪ ዓሣ ማጥመድ አስተማረው፤ ለውጡ መጥቶ ፈረንጁ አገር ሲለቅ ዘንጉን ለሱ ተወለት። መረብ የለው፣ ትል የለው። እንደ ጅራፍ የሚለመጥ ቀጭን ዘንግ ነው፤ ወፈር ያለ ረጅም ክር አለው፤ በክሩ ጫፍ መንጠቆ፣ መንጠቆው ላይ የባሕር ተባይ እንድትመስል የታሰረች ላባ። ላባው ከዚሁ ከኛ ሰፈር ነበር የሚሄድ። የደብዳቤው ሁሉ መጨረሻ «የገብስማ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ ላኪልኝ» ነው። ታንጉትም ደብዳቤ በመጣ ቁጥር «አንቺ፣ ይኸ ሰው የናፈቀው አንቺን ነው ዶሮውን?» ትላት ነበር።

አንድ ዓመት ያርጋል ሸጊቱን ምጽዋ ወሰዳት። ባሕሩ ሸሸት ሲል ነጭ አሸዋ ላይ ስስ ውኃ ይቀራል፤ ዓይን እስኪደክም ድረስ ይሄዳል እንጂ ከጉልበት አያልፍም። እጇን ይዞ አስገባት።

«እግርሽን አታንሺ፤ ጎትቺው» አላት።

«ምነው፣ አረጀሁ እንዴ?»

«ቀስ ብለሽ ተናገሪ፤ ዓሣው ይደነግጣል። አሸዋው ሥር ጅራቱ እሾህ የሆነ ጠፍጣፋ ዓሣ ይተኛል፤ አይታይሽም። ከረገጥሽው ይወጋሻል። ስትጎትቺ ግን ይሰማሽና መንገድ ይለቅልሻል። ለማታይው ነገር ‹መጣሁ› ማለት ነው።»

እየጎተቱ ሄዱ። ፀሐይዋን ከጀርባቸው አድርገው ቆሙ። እሷ ምንም አይታያት።

«የታል ዓሣው?»

«ዓሣውን አትፈልጊ። እሱ መስታወት ነው፤ አሸዋ ላይ ሲሆን አሸዋ ነው። ጥላውን ፈልጊ።»

ብዙ ቆዩ። ከዚያ አሸዋው ላይ አንድ ጥቁር ነገር ሲንሸራተት አየች። ጥላ ነው፤ በላዩ ግን ምንም የለም።  ያርጋል ዘንጉን ወደ ኋላና ወደ ፊት አወዛወዘ፤ ክሩ አየር ላይ ተዘረጋ፤ ላባዋ ከጥላው ፊት ጠብ አለች። ክሩ ተወጠረና፣ ባዶ ከነበረው ቦታ ብር የመሰለ ዓሣ ተወርውሮ ወጣ።

ሸጊቱ ነገሩ ጣማት። «ያውና ሌላ» አለች ጣቷን ቀስራ።

ያርጋል አየት አደረገና ራሱን ነቀነቀ። «ጥላ የለውም። ጥላ ከሌለው እዚያ የለም፤ ብርሃን ነው የሚያታልልሽ። ለሱ ክር አይጣልም።»

ወደ ለቅሶው ልመልሳችሁ።

በአምስተኛው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ ዘንበል ብላለች፤ ለቀስተኛው ደክሞት ግማሹ ያንጎላጃል። ከአጥሩ በር በኩል ሸርተት፣ ሸርተት የሚል ድምፅ ተሰማ። እግሩን የማያነሣ ሰው አካሄድ ነው። ዞር ብንል ሰው የለም። ድምፁ በዝግታ መጣ፣ መጣ፣ ከሸጊቱ በርጩማ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። አቧራው ላይ ሁለት ረጃጅም መስመሮች ቀሩ።

«ግንድ የጎተተ ሰው ነው» አለች ስንቄ፤ ድምፅዋ ግን ቀጥኗል።

«ግንዱስ የታለ?» አለቻት ታንጉት።

ወዲያው ከብቶቹ የቃርሚያውን ማሳ ትተው ገቡ። አንገታቸውን ደፍተው ሁለቱን መስመሮች ይልሱ ጀመር። ብናባርራቸው ይመለሳሉ፤ ብንመታቸው ይመለሳሉ። ታንጉት ጎንበስ ብላ አፈሩን በጣቷ ነካችና ምላሷ ላይ አደረገችው።  ጣቷን በቀሚሷ ጠረገችና ተቀመጠች። «ጨው» ያለችኝ ከርሞ ነው፣ እኔና እሷ ብቻችንን ስንሆን።

ሸጊቱ ግን ፈገግ አለች። «መጥቷል» አለች። «አላልኋችሁም?» ከመስመሮቹ ይልቅ፣ ከከብቶቹም ይልቅ ያስፈራን ያ ፈገግታ ነበር።

በሰባተኛው ቀን ታገኘ የሚባል የዳባት ልጅ መጣ፤ የያርጋል የመርከብ ጓደኛው ነው። ዘንጉን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ነበር። ከልብሱ አጠገብ አልጋው ላይ አስተኛውና፣ ከሸጊቱ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እትየ ሸጊቱ፣ እዚያው ነበርሁ» አለ። «እኔ ከዳር ነኝ፣ እሱ ከውኃው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዘንጉን አሸዋው ላይ ተክሎ ወደ ውስጥ ሄደ። ያለ ዘንግ ወዴት ነው ብዬ ልጠራው አፌን ከፈትሁ። ከዚያ ዓሣ አይቶ ቢሆንስ፣ ብጮህ ይደነግጥበታል አልሁና ዝም አልሁ። ሁልጊዜ ዝም በል ይለኝ ነበር። ዝም አልሁ።» አልጋው ላይ ወዳለው ዘንግ አየ። «ሙቀቱ ከውኃው ላይ ይንቀለቀላል። መጀመሪያ እግሩ አልታይ አለኝ፤ ከዚያ ወገቡ። ኋላ ባርኔጣው ብቻ ቀረ። ኋላ እሱም የለም። ሦስት ቀን ፈለግን። ውኃው የትም ላይ ከጉልበታችን አላለፈም።»



«ፀሐይ በየት በኩል ነበረች?» አለች ሸጊቱ።

«ከጀርባችን።»

«የዘንጉ ጥላ ይታይህ ነበር?»

«ይታየኝ ነበር። ረጅም ሆኖ፣ ከውኃው ሥር አሸዋው ላይ ተጋድሞ።»

«የሱስ?»

ታገኘ እጆቹን አየ። «ይኸን ለማንም አልተናገርሁም» አለ። «አብዷል ይሉኛል ብዬ። ዘንጉ ጥላ ነበረው፤ እሱ አልነበረውም።»

ሸጊቱ አላለቀሰችም። እጇን ዘርግታ ትከሻውን ያዘችው። «ብትጠራውም አይሰማህም ነበር፣ ወንድሜ። አንተ ስታየው ሙቷል። በዚህ አትቃጠል።» ሰው ሁሉ እያየው ያ ጎልማሳ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ይኸኔ ነው ድምፁ የመጣ። ሸርተት፣ ሸርተት። ከብቶቹ ከማሳው አንገታቸውን ቀና አደረጉ።  ከአጥሩ በር ተነሥቶ፣ በአልጋው ጎን አልፎ፣ እንደ አምስተኛው ቀን ሁሉ ከበርጩማዋ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ።

ሸጊቱ ቀና ብላ አልፈለገችውም። መሬቱን አየች። የዳሱ ምሰሶ ጥላ አለ፣ የታገኘ ጥላ አለ፣ የራሷም አለ። ሌላ የለም። ቀጥሎ እግሮቿን አየች፤ በሩን ዘግተው የተዘረጉትን እግሮቿን።

«እኔን ነው ለካ መንገድ ልቀቂልኝ የሚለው» አለች ለራሷ። «ለሱ እኛ ነን የማንታየው። እንዳይረግጠን ነው የሚጎትት።»

ተነሣች። በርጩማዋን አንሥታ ከደጃፉ ወደ ጎን አደረገችው፤ ግድግዳውን ተጠግታ ቆመችና መንገድ ለቀቀች። ሸርተቱ በአጠገቧ አለፈ፣ ወደ ቤት ዘለቀ፣ ከዚያ ወዲያ በዚያ ግቢ አልተሰማም።

«ገብረ ሰንበት ነው ስሙ፣ አባ» አለች፤ በቀስታ፣ ዓሣ እንዳይደነግጥ በሚነገርበት ድምፅ።

አባ ሀብተ ሚካኤል መስቀላቸውን ይዘው ወደ አልጋው ሄዱ። እሷም ተከተለቻቸው። በዚያ ደረቅ ግቢ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል፣ እግሯን አንድ ጊዜ እንኳ ሳታነሣ፣ እየጎተተች ሄደች።

ታንጉትም ሸጊቱም ዛሬ የሉም፤ ስሙን የያዝሁት እኔ ነኝ። እናንተም ያዙልኝ፣ ልጆቼ። ስትጸልዩ ገብረ ሰንበትን አስቡልኝ።