የወንድሜ ሱሪ ወገብ

ማክሰኞ የካቲት ዘጠኝ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ነበር ሐኪሟ የወንድሜን የደም ውጤት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አንዱን ቁጥር በእስክሪብቶ የከበበችው።

«ኢንሱሊንዎ በጣም ከፍ ብሏል» አለችው። «ሰውነትዎ አልሰማ ስላለው ቆሽትዎ እያበዛ ያመነጨዋል። የኢንሱሊን ሥራ ደግሞ ስኳር ማስገባት ብቻ አይደለም፤ ሴሎችን እደጉ፣ ተባዙም ይላል። አንጀት ውስጥ ማደግ የሌለበት ነገር ካለ እሱም ይሰማል።»

ክብደት እንዲቀንስ ነገረችው። ሰገራው ላይ ደም ማየቱን ስለነገርኳት ደግሞ አንጀቱ በካሜራ እንዲታይ ለመጋቢት ሃያ ቀጠረችው።

«አንቺ አፍሽ አያርፍም?» አለኝ ደረጃውን ስንወርድ። «ኪንታሮት ነው። ሠላሳ ዓመት ወንበር ላይ የተቀመጠ ልብስ ሰፊ ምን እንዲያወጣ ፈልገሽ ነው፣ ክንፍ?»

ሳቅሁ። ጋሼ ሲቀልድ አለመሳቅ አይቻልም ነበር።

ስኳርና ለስላሳ እርግፍ አድርጎ ተወ። በሦስተኛው ሳምንት ሱሪው ሰፋው። ስፌት ቤታችን ውስጥ እኔ ቁልፍ ከምተክልበት ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ራሱ ለካ፣ ራሱ ፈታ፣ ራሱ አጠበበ። ሁለት ሴንቲ። በሳምንቱ ሦስት። ደንበኛ በገባ ቁጥር ቀበቶውን እየሳበ «እዩኝማ፣ ሙሽራ አልመስልም?» ይላል። ሁሉም አደነቀው። ፊቱ ግን አመድ መስሎ ነበር፤ ደረጃ ሲወጣም መሀል ላይ ቆሞ ይተነፍሳል። አይቻለሁ። ምግብ የቀነሰ ሰው እንዲህ ነው ብዬ አለፍኩት።

የቀጠሮው ዋዜማ «ምን ያደክመናል?» አለኝ። «ቀንስ አለችኝ፣ ቀነስኩ። የታዘዝነውን የነርሶች ዩኒፎርም ለማስረከብ አራት ቀን ነው የቀረን።»

ስልክ ደውዬ ቀጠሮውን በሁለት ወር ያራዘምኩት እኔ ነኝ።

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ሱሪውን ደጋግሞ ከማጥበቡ ብዛት የኋላ ኪሶቹ ሊነካኩ ደረሱ።

«ጋሼ፣ ይሄስ በዛ። ትንሽ ብላ እንጂ» አልኩት።

ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ እጁ ላይ ጠቀለለው።

«እበላለሁ እኮ» አለኝ ቀስ ብሎ። «እንደ ድሮዬ መብላት ከጀመርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው።»

በማግስቱ ወሰድኩት። በካሜራው የታየው ዕጢ ትልቁን አንጀት ሊዘጋው ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ጉበቱም ላይ ደርሷል። ሐኪሟ የመጋቢቱን ቀጠሮ መዝገቡ ላይ ፈልጋ አገኘችው። ቀና ብላም አየችኝ።

ሐምሌ አሥራ አራት ቀን አረፈ። በሽታው በቤተሰብ ይሄዳል ስላሉኝ ነሐሴ ላይ እኔም ተመረመርኩ፤ ከአንጀቴ ገና ወደ ካንሰር ያልተለወጡ ሁለት እባጮች አወጡልኝ።