የግራ እጅ ካናቴራ

በድሪያ ኢድል ወደ ከተማው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የገባችው በአሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሥራዋ ካናቴራ እያጠፉ በደርዘን በደርዘን ማሰር ነበር። ሥዕል ያስተማራት የለም። ልጅ ሆና እናቷ ፋዱማ መጋላ ገበያ ውስጥ የምትሸጠውን ሽርጥ ዘርግታ የጠርዙን ሐረግ በጣቷ ስትከተል ትውል ነበር። ከፍ ስትል የግቢውን ግድግዳ በከሰል አጠቆረችው። ፋብሪካ ስትገባ ደግሞ የምሳ ደወል ተደውሎ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲበተን፣ እሷ የማሸጊያ ካርቶን ገልብጣ ትሞነጫጭር ጀመረች።

አብዮቱ ሲመጣ ሰልፍ በዛ፤ ሰልፍ ሲበዛ ካናቴራ በዛ። ደረቱ ላይ የሚታተመው ሥዕል በሠራተኞች መካከል በውድድር ይመረጣል የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጠፈ። በድሪያ መጀመሪያ የተወዳደረችው ወደ ገጠር ለሚሄዱት ዘማቾች በተዘጋጀው ነው። ሞፈር የተሸከመች ሴት ሳለች። «ሴት ሞፈር ስትሸከም የት አየሽ?» ተብላ ሥዕሏ ተመለሰላት። በሚቀጥለው ዓመት ለፋብሪካው የኳስ ቡድን የሚሮጥ ጅብ ሳለች። ጅቡ አንደኛ ወጣ፤ የወጣው ግን ሥዕሎቹን በሰበሰበው የቢሮ ጸሐፊ ስም ነው። ቡድኑ ጅቧን ለብሶ ሲጫወት እሷ ሜዳው ዳር ቆማ ኦቾሎኒ እየፈለፈለች አየች። ለማን ትናገር?

ያወቁላት የኅትመት ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ወልደ ማርያም ብቻ ናቸው። የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ቀለም ከጥፍራቸው ሥር የማይለቅ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ማጠፊያ ጠረጴዛዋ ድረስ መጡና፣

«ጅቡ ያንቺ ነው አይደል?» አሏት።

«እንዴት አወቁ ጋሼ?»

«ካርቶን ላይ የምትስያቸውን ፍየሎች አያቸው የለ? የኋላ እግር የምታጥፊው በአንድ ዓይነት ነው።»

ከዚያ ወዲያ ምሳ ሰዓት ላይ ይጠሯታል። ሐር የተወጠረበትን የእንጨት ፍሬም እያሳዩ፣ ቀለሙ በሐሩ ቀዳዳ ሾልኮ ጨርቁ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ አስረዷት። «ቀጭን መስመር ቀለም ይውጠዋል፣ አወፍሪው። የተጠጋጋ መስመር ይለጠፋል፣ አራርቂው» ይሏታል። ሚስታቸው እትዬ አሰገደች የሚቋጥሩላቸውን ምሳ፣ ጾም ሲሆን ሥጋ ስለማይገባበት፣ ለሁለት ይበሉ ነበር።

በነሐሴ 1969 የሶማሌው ጦርነት ከተማው አፍ ድረስ መጣ። አንድ የመድፍ ጥይት እነ በድሪያ ቅያስ ላይ ወድቆ ወንድሟን በድሩን በር ላይ እንደቆመ ገደለው። ሆዱ ተዘርግፎ ነበር። እናትና ልጅ የሚሸጠውን ሽርጥ አውርደው፣ ሦስት ደርበው ሬሳውን ጠቅልለውበት ወደ ቤት አስገቡት። በድሪያ ከዚያ በኋላ ለወራት እርሳስ አልነካችም።

የነካችው በሚያዝያ 1970 ነው። ጦርነቱ በድል ስላለቀ የሠራተኞች ቀን በድምቀት ይከበር ተብሎ ታዘዘ። የፋብሪካው ካድሬ ጓድ ጉግሳ፣ ሽጉጡን ከሆዱ በላይ የሚታጠቅ ወጣት፣ ሠራተኛውን ሰብስቦ የካናቴራ ውድድሩን አወጀ። በድሪያ ወደ ላይ የተነሣ፣ የሸማኔ መወርወሪያ የጨበጠ ግራ እጅ ሳለች። ከመወርወሪያው የሚወጣው ክር እየተጠማዘዘ ወርዶ ጣቶቹንም፣ ጡንቻውንም፣ ክንዱንም ይሠራል፤ ሥዕሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ክር ነበር። ግራ እጅ ያኔ የአብዮቱ እጅ ነው። መፈክር ሲባል የሚነሣው ግራ ነው፤ ቀኙን ላነሣ ወዮለት።

አንደኛ ወጣች። በዚህኛው ጊዜ በገዛ ስሟ። ጉግሳ በሠራተኛው ፊት ትንሽ ሬዲዮ ሸለማትና እጇን ጨበጣት፤ ጸሐፊው ሳይቀር አጨበጨበ። በዚያ ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገዱ አጠረባት።

አራት መቶ ካናቴራ በሁለት ቀን ይድረስ ተባለ። ጋሽ ወልደ ማርያም እንቅልፍ ሳያዩ አተሙ። ለበዓሉ አንድ ቀን ሲቀረው ካናቴራዎቹ በድሪያ ጠረጴዛ ላይ ተከመሩ። የመጀመሪያውን አንሥታ ልታጥፍ ስትል እጇ ቀጥ አለ። የሥዕሉ አውራ ጣት በሌላ በኩል ነው። ሁለተኛውን አየች፤ ከመሐል ስባ አየች፤ ከሥር ስባ አየች። ሁሉም ያው ነው። ወደ ኅትመት ክፍል ሮጠች።

«ጋሼ፣ እጁ ቀኝ ሆኗል።»

ተቀብለው አዩት። የራሳቸውን ግራ እጅ አንሥተው ጨበጡና ከካናቴራው ጋር አስተያዩት። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ወረቀቱን ገልብጬ ነው ፍሬሙ ላይ የለጠፍኩት» አሉ።

«እንናገር?»

«አራት መቶ ካናቴራ አበላሸሁ ብዬ? ይሄ ዛሬ አሻጥር ነው የሚባለው ልጄ። አሻጥረኛ ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሽ።» ካናቴራውን መልሰውላት፣ «ማን አውራ ጣት ይቆጥራል?» አሉ።

በድሪያ ተመልሳ አራት መቶውን አንድ በአንድ አጠፈች።

ቆጣሪ ግን ተገኘ። በሰልፉ ዕለት መድረኩ ላይ ከተቀመጡት እንግዶች አንድ መኮንን ወደ ጉግሳ ዘንበል ብሎ የሆነ ነገር ነገረው። ጉግሳ ወርዶ የፊተኛውን ረድፍ ደረት ደረቱን እያየ ሄደ። ሰዉ ግራ እጁን አንሥቶ ይፈክራል፤ ደረቱ ላይ ያለው እጅ ቀኝ ነው። ጉግሳ የመጨረሻውን ሠራተኛ ካናቴራ ከአንገቱ ይዞ እስከ እምብርቱ ቀደደው።

«አውልቁ» አለ። «ሁላችሁም፣ አሁን።»

አብዮት ጥበቃዎች በሰደፍ ገቡ። ወንዶቹ እየተመቱ አወለቁ። ሴቶቹ በአደባባይ አናወልቅም ብለው እርስ በርስ ሲተቃቀፉ፣ ኢስታር የምትባል ፈታይ ጆሮ ግንዷን በሰደፍ ተመትታ ወደቀች፤ የሚሸሸው ሰው በላይዋ ላይ ተራመደባት። የማርሽ ባንዱ መጫወቱን አላቆመም። በድሪያን ሁለት ሰዎች በፀጉሯ ጎትተው ሲያወጧት የኢስታር እግር እየተንፈራገጠ ነበር። ስትዞር እንደገና አየችው፤ መንፈራገጡን አቁሟል።

የወሰዷት ከዚራ ሰፈር ውስጥ ወደተወረሰ ቪላ ነው። መመርመሪያው ክፍል ድሮ የልጆች መኝታ ነበር መሰል፣ ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ዓሣዎች ተስለዋል። እጆቿን ከጉልበቷ በታች አሰሩ፤ በመሐል እንጨት አሾለኩ፤ እንጨቱን በሁለት ጠረጴዛ ላይ ሲያሳርፉት ጭንቅላቷ ወደ ታች፣ ውስጥ እግሯ ወደ ላይ ሆነ። አፏ ውስጥ የሌላ ሰው ደም የሸተተ ጨርቅ ጎሰጎሱ። ገራፊው ሸሚዙን አውልቆ፣ እንዳይጨማደድ ወንበር ላይ አንጠለጠለና የኤሌክትሪክ ገመድ አነሣ። ሲበቃው ጨርቁን ከአፏ ያወጡላታል፤ ያኔ ጉግሳ ይጠይቃል።

«ቀኝ እጅ እንድትስዪ ያዘዘሽ ማነው?»

«ግራ ነው የሳልኩት።»

«ሶማሌ ዘመዶች አሉሽ። ሰርጎ ገብ ነው የላከሽ።»

«ወላሂ፣ ወንድሜን የገደለው የነሱ መድፍ ነው።»

«እነሱ የራሳቸውንም ይገድላሉ» አለና ለገራፊው በአገጩ ምልክት ሰጠው። ጨርቁ ተመልሶ ገባ።

በመጀመሪያው ቀን ውስጥ እግሯ ተተረተረ። በሁለተኛው ቀን በተተረተረው ላይ ገረፏት፤ የገመዱ ጫፍ ሥጋ እየነቀለ ዓሣዎቹ ላይ ይረጨዋል። ነፍሷን ስትስት ውኃ ያፈሱባታል። እሷ ግን የጋሽ ወልደ ማርያምን ስም ጥርሷ ውስጥ ይዛ ቆየች። በሦስተኛው ቀን ጉግሳ አልጮኸም። አጠገቧ ቁጢጥ አለና፣ «እናትሽ ደጅ ናት። ምግብ ይዛ መጥታ ቁጭ ብላለች» አላት። «አስገብተን ካንቺ ጎን እንሰቅላታለን። ለአሮጊት እግር ስንት የሚበቃ ይመስልሻል?»

«ወልደ ማርያም ናቸው» አለች በድሪያ። «ወረቀቱ ተገልብጦባቸው ነው። ስህተት ነው።»

ከዚህ ውስጥ የተጻፈው ስሙ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጋሽ ወልደ ማርያምን አምጥተው አቆሟቸው፤ እሷን ወንበር ላይ አስረዋታል። እግሯን አዩ። ከዚያ ጉግሳን አዩ።

«ልጅቷ ትክክል ነው የሳለችው» አሉ። «የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ዓይኔ ደክሞ ነበር።»

«ማን ከፍሎህ?»

«እንቅልፍ ማጣት።»

ሰቀሏቸው። በድሪያ ዓይኗን ስትጨፍን ጉግሳ ከኋላዋ ቆሞ በጣቶቹ የዓይኗን ቆብ ገልጦ ያዘ። ጋሽ ወልደ ማርያም ጨርቁ ከመግባቱ በፊት የተናገሩት፣ «አትይ ልጄ» የሚል ብቻ ነው። ሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ገራፊው ሲደክም ሌላ ተተካ፤ ሁለተኛው ሲደክም የመጀመሪያው ተመለሰ። ሲያወርዷቸው አንገታቸው ራሳቸውን አልሸከም አለ፣ ከአፍንጫቸውም ደም ይወርዳል። እግራቸውን ይዘው ሲጎትቷቸው ጭንቅላታቸው የቪላውን ደረጃ እየመታ ወረደ። በድሪያ ቆጠረች። ስድስት ነው።

ጠዋት ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ተጥለው ተገኙ፤ ግንባራቸውን በጥይት ተመትተዋል። ቀኝ እጅ ያለበትን ካናቴራ አልብሰዋቸው፣ «አብዮቱን ሊገለብጥ የሞከረ» የሚል ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ደረታቸው ላይ ሰክተዋል። ማንም እንዳያለቅስ፣ ድንኳን እንዳይተከል ተብሎ ለቀበሌው ተነገረ። በድሪያ ይህን የሰማችው በዘጠነኛው ቀን ስትፈታ፣ እናቷ በጀርባዋ አዝላ ወደ መጋላ ስትወስዳት ነው። ፋዱማ እየነገረቻት አላለቀሰችም፤ መንገድ ላይ ነበሩና።

መራመድ ስትችል፣ በሰኔ አጋማሽ፣ ዱላ ይዛ እትዬ አሰገደች ቤት ሄደች። ሴትዮዋ ጥቁር መልበስ ስለተከለከሉ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሰው በርበሬ ይወቅጡ ነበር። ሊያስቀምጧት ወንበር ሳቡላት። በድሪያ አልተቀመጠችም።

«እትዬ፣ ስማቸውን የተናገርኩት እኔ ነኝ» አለች።

እትዬ አሰገደች ዘነዘናውን ሙቀጫው ውስጥ ለቀቁት። ከዚያ ተነሥተው በጥፊ መቷት። ደገሙ። ሦስተኛው ላይ ዱላዋ ከእጇ ወደቀ። ዘነዘናውን ከሙቀጫው መዝዘው ትከሻዋ ላይ ሲያሳርፉባት አጥንቱ ሲሰበር ሁለቱም ሰሙት። በድሪያ ተንበረከከች እንጂ እጇን አላነሣችም። ሴትዮዋ በበርበሬ እጃቸው ፀጉሯን ይዘው ደጋግመው መቷት፤ ዓይኗ ተቃጠለ፣ ከንፈሯ ተሰነጠቀ። በመጨረሻ አቅም አጥተው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«እሱ ቢሆን አንቺን አይናገርም ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«በይ ውጪልኝ።»

ትከሻዋ ጠምሞ ገጠመ። በነሐሴ ወደ ማጠፊያው ስትመለስ ጉግሳ ጠረጴዛዋ ዘንድ መጣ። የአብዮቱ አራተኛ ዓመት እየደረሰ ነው፤ ውድድር አለ።

«ያንቺ ጥፋት እንዳልነበረ ተጣርቷል» አላት፣ ውለታ እንደዋለ ሰው። «ትወዳደሪያለሽ።»

«ከእንግዲህ አልስልም።»

ሽጉጡን መዝዞ በእጀታው አፏን መታት። ሁለት የፊት ጥርሶቿ የታጠፉት ካናቴራዎች ላይ ወደቁ። በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች አቀርቅረው ማጠፋቸውን ቀጠሉ። «እስከ ሐሙስ» አለና ሄደ።

በድሪያ ልትጠፋ አስባ ነበር። የባቡሩን ሐዲድ ተከትሎ የሄደ ሰው ድንበር ይደርሳል ይባላል። ግን በዚያ እግር የትም አይደረስም፤ ብትደርስስ ጉግሳ ፋዱማን መች ይተዋታል? ረቡዕ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ካርቶን ገልብጣ ሳለች። ባለ ጥርስ መዘውር ነው፤ መሐሉ ላይ የፈነዳ የጥጥ ፍሬ አለ። ሰው የለበትም፣ እጅ የለበትም። በግራ የሳለችውን በቀኝ ደገመችው፤ ከላይ ያለውን ከታች። በክር ለካችው። ገልብጣ በፀሐይ አየችው። አሁንም ለካችው።

አሸነፈች። የኅትመት ክፍሉን የተረከበው ኑርቶ የሚባል አዲስ ሰው ነበር፤ የቀድሞው ኃላፊ ምን እንደሆኑ ሰምቷልና ሥዕሉን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አድርጎ ያዘ።

«እህቴ፣ ፊቱ የትኛው ነው? በየት በኩል ነው የምለጥፈው?» አላት።

«በፈለግኸው በኩል።»

«እንዳልሳሳት ብዬ ነው።»

«ይሄን መሳሳት አይቻልም» አለችው። «ብትገለብጠውም፣ ብታዞረውም ያው ነው።»

ኑርቶ ገልብጦ አየው፤ አዞረው፤ ደግሞ ገለበጠው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። በድሪያ ትንሽ ቆማ ጠበቀችውና ወደ ሥራዋ ሄደች።

እትዬ አሰገደች በዚያው ወር ፋብሪካው ውስጥ በጽዳት ተቀጠሩ፤ ልጆች ነበሯቸውና። ለበዓሉ ካናቴራ ለሠራተኛው ሁሉ ሲታደል ተሰልፈው በድሪያ ጠረጴዛ ደረሱ። በድሪያ የሳቸውን ልክ ፈልጋ፣ አጥፋ ሰጠቻቸው። ተቀበሉ። ሥዕሉንም፣ እሷንም ሳያዩ በብብታቸው ይዘው ሄዱ፤ የኋላው ሰው ተራውን ይዞ ቀረበ።