የንጋት ጸሎቱ ፒያኖ

ሽማግሌ ባንግ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የብርጭቆ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ አሁን ደግሞ በየዓመቱ መጨረሻ ኮሪያ ጉንሳን ከተማ ያለችውን የቤተ ክርስቲያናቸውን ሠራተኞች ይገመግማሉ። «ለጌታ ቤት ደህና ነው የሚባል ሥራ አይበቃም» ባይ ናቸው። ዘንድሮ ምግብ አብሳይዋን «ኪምቺሽ ጨው በዝቶበታል»፣ የአውቶቡሱን ሹፌር «ፍሬን ስትይዝ አሮጊቶቹን ታንገጫግጫለህ» ብለው ልክ ልካቸውን ነገሯቸው። ሹፌሩ አኩርፎ ሲወጣ ፒያኖ ተጫዋቿ ኦክጁ ገባች።

«እሑድ እሑድ እንከን የለሽም። የንጋት ጸሎት ላይ ግን ምን ይነካሻል? ሰው በጸጥታ ሲጸልይ ቀስ ብለሽ ትጀምሪና ድንገት ፒያኖውን ትደበድቢዋለሽ! ስንቴ በርግጌያለሁ!»

ኦክጁ ከሽማግሌው ጎን የተቀመጡትን ፓስተር አየቻቸው። ፓስተሩ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

«መልሺልኝ እንጂ!» አሉ ሽማግሌ ባንግ።

«ጋሼ፣ ከፍ የማደርገው እርስዎ ማንኮራፋት ሲጀምሩ ነው። ፓስተር ናቸው ሸፍኚላቸው ያሉኝ።»

ፓስተሩን ሳል ያዛቸው። ሁልጊዜ ከሰው ሁሉ ቀድመው ገብተው ፊተኛው ወንበር ላይ በመቀመጣቸው የሚኮሩት ሽማግሌ ባንግ እስከ ጆሯቸው ቀሉ።

«ለመሆኑ... ሰው ሰምቶኛል?»

«ኧረ አንድም ሰው አልሰማ!» አለች ኦክጁ ቶሎ ብላ።

«እኔ ውጭ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ!» አለ ሹፌሩ ከበሩ ኋላ።

ፓስተሩ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ሽማግሌው ግን መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ኦክጁ ዞሩ።

«ሰማሽ አይደል? ገና ይቀርሻል። ከነገ ጀምሮ ጨምሪበት!»