ነሐስ በነሐሴ አይቀልጥም

ሰነፍ ሕዝብ ተብሎ መሰደብ ያንገበግበኛል። ስድቡ ቁጥር ለብሶ ሲመጣማ ጭራሽ አያስተኛኝም።

በጥቅምት፣ በአንድ የጣሊያን ሸለቆ ውስጥ ያለው የቧንቧ ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ፣ ለተማረ ሰው ክብር «ዶቶሬ» የምንለው ብራምባቲ፣ በምግብ አዳራሹ ሰበሰበንና ግድግዳው ላይ ሁለት የግራፍ መስመሮች በፕሮጀክተር አበራ። ከሠራተኛ ማኅበራችን ጋር የፈረመው ውል አለ፤ የጣሊያን የኢንዱስትሪ ምርት ዘንድሮ ከአውሮፓ ኅብረት ምርት ይበልጥ ከወደቀ ነሐስ ማቅለጫውን መዝጋት ይችላል። ካልወደቀ አይችልም። ማቅለጫው ከተዘጋ እዚያ የሚሠሩት አርባ ሰዎች ከሸለቆአችን ወጥተው ሥራ ፍለጋ መንከራተታቸው ነው።

«አያችሁ? ሰማያዊው አውሮፓ ነው፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል» አለ። «ቀዩ እኛ ጣሊያኖች ነን። በአንድ ወር ውስጥ ምርታችን በግማሽ ወረደ። ምን ላድርግላችሁ? አገሩ መሥራት ትቷል!»

የማቅለጫው አንጋፋ ኤርመስ ዛኖሌቲ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። «ሎሬዳና፣ ኢኮኖሚክስ የተማርሽው ለመቼ ነው? በይው እንጂ!»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ልናደድ።»

«አንቺ ደግሞ መቼ በርደሽ ታውቂያለሽ?»

ተነሣሁ። «ዶቶሬ፣ ምርታችን የወረደው በየትኛው ወር ነው?»

«በነሐሴ።»

«በነሐሴ እርስዎ የት ነበሩ?»

«ይሄ ከጉዳዩ ጋር ምን ያገናኘዋል?»

ኤርመስ አላስቻለውም። «ሪሚኒ ነበሩ! የባሕር ዳር ጥላችን ጎን ለጎን ነበር። ሐብሐብ አካፍያቸዋለሁ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን አልሳቅሁም። «የማርያም ዕርገት ሰሞን ከሰሜን እስከ ደቡብ ቆልፈን ባሕር እንወርዳለን» አልሁ። «ዳቦ ጋጋሪው ሳይቀር ይዘጋል። ዘንድሮ የተጀመረ አይደለም፤ አያቶቻችንም እንዲሁ ነበሩ። እርስዎ ያመጡት የአውሮፓ ቁጥር በየዓመቱ የሚመጣው ዕረፍት ታስቦለት የተስተካከለ ነው፤ የእኛው ያልተስተካከለ። የእነሱን አብስለው፣ የእኛን ጥሬውን በአንድ ሳህን አቀረቡልን!»

«ስሕተት ሊኖር ይችላል...»

«ስሕተት ከሆነ ምነው ወደ እኛ ብቻ ተሳሳተ? የእኛንም የተስተካከለውን ይክፈቱ። ቁጥሩን ያወጡበት ድረ ገጽ ላይ አለ።»

አልሸሸም፤ ከፈተው። ቀዩ መስመር ከገደሉ ወጣ፣ ሰማያዊው ላይ ደረሰ፣ አለፈው። አውሮፓ ቁልቁል ሲል እኛ ሽቅብ ወጥተናል።

«እኔ እኮ እውነት መስሎኝ ነበር» አለ ብራምባቲ። ያኔ ነው ይበልጥ የበገንኩት። ዋሽቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ሰውየው ግን ከልቡ አምኖት ኖሯል። ራሱ በነሐሴ አሸዋ ላይ ተጋድሞ ሐብሐብ የበላ ሰው፣ አገሩ በነሐሴ አልሠራችም ሲባል «እውነት ነው» አለ! ስለ ራሳችን መጥፎ ሲነገረን ማጣራት የማናውቅ እኛ ብቻ ነን። ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርሁት፤ ድምፄ ግቢው በር ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

«ውሉ...» አለ በመጨረሻ። «ውሉ ውል ነው። ማቅለጫው አይዘጋም።»

ጭብጨባው ሳህን አንቀጫቀጨ። አንዱ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ «ጥሬውን ለዶቶሬ!» እያለ ጮኸ። ኤርመስ ኮፍያውን አጠለቀና ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ።

«በሉ ዶቶሬ፣ ምድጃው ይጠብቀናል። ለከርሞ ነሐሴ ግን ሐብሐቡ በእርስዎ ነው።»