ሁለት ወልደ ሰንበት

በ1983 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በረዶ ገብሱን መታው። ኅዳር ላይ ግራ በሬዬ ሞተ። ጥር ላይ ወታደሩ የመንደሩን በቅሎዎች ሰብስቦ ወሰደ። የካቲት ላይ ጦርነቱ እኛው ዘንድ ደረሰ። ሚሊሺያ ነበርሁ። ከይጁቤ በላይ ካለው ጉብታ ላይ አንድ ጥይት ሳልተኩስ ተማረክሁ።

ዘጠኝ ሆነን አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ዘጉብን። ጠባቂያችን ዓይናዲስ የምትባል ታጋይ ነበረች። የምትበላውን ቆሎ አካፈለችን፤ ማንንም አልመታችም። ነገር ግን ወደ ሩቅ አገር ሊወስዱን ነው የሚል ወሬ ነበር።

አጠገቤ የሚተኛው ሙላት የደብረ ወርቅ ሰው ነው። ጠዋት ስንጸልይ ሁለታችንም «ባሪያህን ወልደ ሰንበትን አስበው» አልን። የክርስትና ስማችን አንድ ነበር።

«እግዜር የቱን እንደሚያስብ ግራ ይገባዋል» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ «ሞክሼ» ይለኝ ጀመር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዓይናዲስ ወረቀት ይዛ ገባች። የደብረ ወርቅ ሰዎች አንድ የቆሰለ ታጋይ ይዘዋል፤ እሱን ሰጥተው አንድ ሰው ሊቀበሉ ነው። ደብዳቤውን የጻፉት ቄስ ኪዳነ ማርያም ናቸው።

«ወልደ ሰንበት ማነው? በመዝገቤ እንዲህ የሚባል የለም» አለች።

ኪዳነ ማርያም የሙላት ንስሐ አባት ናቸው። የሚያውቁት በክርስትና ስሙ ነውና ያንኑ ጽፈዋል። የእኔ ንስሐ አባት ከሞቱ ቆይተዋል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ተነሣሁ።

«እኔ ነኝ።»

ዓይናዲስ ወደ ሙላት ዞረች። «እውነቱን ነው?»

ሙላት አየኝ። ተቅማጥ ይዞኝ ሦስት ቀን እህል አልቀመስሁም ነበር።

«እሱ ነው» አለ። ጋቢውን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለው። «ልበሰው ሞክሼ፤ መንገድ ላይ ይበርዳል።»

ወንዙን ስሻገር ቄሱ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ሲያዩኝ ፊታቸው ጠቆረ። ታጋዩ ግን በቃሬዛ ማዶ ደርሷል።

«ልጄስ?»

«ደኅና ነው» አልሁ። ጋቢውን ተከናንቤ አለፍኋቸው።

ሙላት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ተለቅቆ ተመለሰ። የዘር ጊዜው አልፎ፣ የሱና የሚስቱ የሥራነሽ መሬት ጦሙን አድሮ ነበር። ሄጄ ላርስላቸው ይገባኝ ነበር፤ አፍሬ ቀረሁ። ጋቢውን ልመልስ ስንት ጊዜ ተነሥቼ ከመንገድ ተመለስሁ። ገበያ ላይ ስንገናኝ «እንደምን ዋልህ» ይለኛል። «ሞክሼ» ግን ብሎኝ አያውቅም።

በ2002 ዓ.ም. የዓይን ሐኪሞች ደብረ ማርቆስ መጡ። በሽተኛ የተመዘገበው በየደብሩ ስለሆነ ዝርዝሩ በክርስትና ስም ነው። እኔም ሞራ ጋርዶኝ ተመዘገብሁ። ሌላ ደኅና ልብስ ስላልነበረኝ ጋቢውን ለብሼ ሄድሁ።

በመጨረሻው ቀን አንድ ተራ ብቻ ቀረ። ከአግዳሚው ጫፍ ሥራነሽ ባሏን ይዛ ተቀምጣለች። ሙላት ሁለቱም ዓይኖቹ አያዩም። የደብሩ ምዝገባ ስላመለጠው ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

«ወልደ ሰንበት!» ብላ ነርሷ ተጣራች።

ተነሣሁ። ሄጄ የሙላትን ክንድ ያዝሁ።

«እሱ ነው» አልኋት።

«እርስዎስ አባባ? ምን ሊያደርጉ መጡ?»

«የእኔ አንዱ ያያል። የሱን እስቲ እዪው።»

ባትሪ አብርታ አየችው። «ይግቡ» አለች። ለእኔ ለሚመጣው ዓመት ቀጠረችኝ።

ሙላት ድምፄን አውቆ ቆመ። «አንተ ደምለው፣ የተጠራው ማነው?»

«ወልደ ሰንበት ነው። አንተ አይደለህም እንዴ?»

ሳቀ። ጥርሱ አልቋል።

«በዚህ እድሜያችሁ ምን ያስቃችኋል!» አለች ሥራነሽ።

ጋቢውን አውልቄ ትከሻው ላይ ጣልሁት። ጠርዙን በጣቱ ዳበሰ። «ሥራነሽ፣ ይሄ ያንቺ ፈትል ነው» አላት።

በማግሥቱ ፋሻው ሲፈታ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ብርሃኑን እስኪለምደው ዓይኑን አርገበገበ። ከዚያ ትክ ብሎ አየኝ።

«አርጅተሃል ሞክሼ» አለኝ።